አዲስ ሐሳብን በጀት ውስጥ ማስገባት፦ ከአንዲት የበጀት ባለሙያ

የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የበጀት ክፍል ውስጥ ነው። ወጣት ባለሙያዎች "ይሄን አገልግሎት እንዲህ ብናሻሽለውስ?" እያሉ ወደ ጠረጴዛዬ ይመጣሉ። ሐሳቡ አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ የሚመጡት ሰኔ ላይ ነው። ሰኔ ላይ ሰሚ የለም። ሁላችንም የቀረውን ገንዘብ እስከ ሰኔ 30 ለመጠቀም እየተሯሯጥን ነው፤ ያልተሠራበት ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳላ!

ስለዚህ መጀመሪያ ቀኑን እወቁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የበጀት ጥሪው፣ ማለትም "የከርሞውን የበጀት ጥያቄያችሁን አቅርቡ" የሚለው ደብዳቤ፣ ግን ወራት ቀድሞ፣ የካቲት አካባቢ ይደርሰናል። ጥር ላይ ሐሳባችሁን በአንድ ገጽ ይዛችሁ ኑ። ከዚያ ከረዘመ እኔም አላነበውም፣ አለቃዬም አያነቡትም።

ገጹ ላይ "አገልግሎት አሰጣጡን ዘመናዊ ማድረግ" ብላችሁ አትጻፉ። ሁሉም ይጽፈዋል፣ ማንም አይለካውም። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከ2004 ጀምሮ የፕሮግራም በጀት ውስጥ ገብተናል። ገንዘብ የሚጠየቀው ለሚገኝ ውጤት ነው ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ ቢቀርም። ይህን ለራሳችሁ ጥቅም አውሉት።

ለምሳሌ ሐሳባችሁ የመዝገብ ቤቱን ፋይል በኮምፒውተር ማደራጀት ነው እንበል። አንድ ሳምንት መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቁጭ በሉና ሰዓት ያዙ። አንድ ፋይል ተፈልጎ እስኪወጣ ምን ያህል ይፈጃል? ስንት ባለጉዳይ "ነገ ተመለስ" ተባለ? ስንቱ ፋይል ጭራሽ ጠፋ? ይህ አምስት ሳንቲም አያስወጣም። መነሻ ቁጥር ከሌላችሁ ግን በዓመቱ መጨረሻ "ተሻሽሏል" ስትሉ የሚያምናችሁ የለም። አለቆችን ማሳመን ከከበዳችሁ መሶብን፣ የብዙ መሥሪያ ቤት አገልግሎት በአንድ ቦታ የሚሰጥበትን ማዕከል፣ አንሱ። የአንድ ማዕከል አገልግሎቱ በ2017 ከተከፈተ ወዲህ ባለጉዳዩ ማወዳደሪያ አግኝቷል፤ እዚህ ሲጉላላ ዝም አይልም።

ከዚያ ትንሽ ጠይቁ። "ለሁሉም ቅርንጫፍ" የሚል ጥያቄ በበጀት ውይይቱ ላይ መጀመሪያ ከሚቆረጡት አንዱ ነው። በአንድ ክፍል፣ ለግማሽ ዓመት፣ ከዚያ ታይቶ ይቀጥል በሉ። አሜሪካኖች በአውሮፓውያኑ 2017 የመንግሥት ቴክኖሎጂን ለማዘመን ያቋቋሙት ፈንድ ገንዘብ ይለቅ የነበረው በደረጃ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የተስማማበትን ሥራ ሲያሳይ ቀጣዩ ይለቀቅለት ነበር። የእኛ መሥሪያ ቤት ይህን ለመሞከር አዋጅ መጠበቅ የለበትም። በሥራ ዕቅዳችሁ ላይ "በሁለተኛው ሩብ ዓመት ውጤቱ ካልታየ ግዢው ይቆማል" የሚል መስመር ጻፉ። እንደዚህ የሚጽፍ ሰው ብርቅ ነው፤ ፋይናንስ ክፍሉ ይወደዋል።

ዋናው ወጥመድ ካፒታል (ለቋሚ ዕቃ የሚያዘው) እና መደበኛ (ለዕለት ተዕለት ሥራ የሚያዘው) በጀት ላይ ነው። ማሽኑ በካፒታል ይገዛል። ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ ጥገናው፣ ሥልጠናው ግን ከመደበኛ በጀት ነው የሚወጣው፤ እሱን ደግሞ የሚያስታውሰው የለም። ከካፒታል ወደ መደበኛ ማዛወር አይፈቀድም። ካርቶኑ ሳይከፈት አቧራ የጠገበ ስንት ዕቃ አይቻለሁ! ስለዚህ አንዱን ስትጠይቁ ሌላውንም አብራችሁ ጠይቁ፤ የቀጣዩን ዓመት ወጪ ጭምር ጻፉ።

ደግሞ የቆጠበ ይቀጣል። ደብዳቤ በመኪና መላክ ትታችሁ በኢሜይል ብታደርጉት የነዳጅ መደባችሁ፣ በሂሳብ መለያ ቁጥሩ 6217፣ ይተርፋል። ለከርሞ የሚመደብላችሁ ዘንድሮ ያወጣችሁት ታይቶ ስለሆነ ትርፉ ተቀንሶ ይቀራል። ይህ አሠራር ያናድደኛል፤ ቆጣቢ ሰው ሞኝ የሚመስልበት አሠራር ነው። እስኪስተካከል ድረስ መላው አንድ ነው፦ ቁጠባው እንደታየ፣ ዓመቱ ሳይገባደድ፣ ለሥልጠና ወይም ለጥገና እንዲዛወር ጠይቁ። ሁለቱም መደበኛ በጀት ስለሆኑ ዝውውሩ ይቻላል።

የውስጥ ኦዲተሩንም ከመጀመሪያው ጥሩት። ሥራው ካለቀ በኋላ የሰማ ኦዲተር ጥያቄው አያልቅም። በዕቅዱ ላይ የተቀመጠ ኦዲተር ግን የትኛው ሰነድ እንደሚጎድላችሁ ቀድሞ ይነግራችኋል። የነገራችሁንም በቃል አትተዉት፤ ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ አስፈርሙ፣ ቅጂውን ለእኔም ስጡኝ።