የላሊበላው ግርዶሽ ፎቶ ለኅትመት የበቃበት መንገድ
ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ያነሣሁትን የቀለበት ግርዶሽ (ጨረቃ የፀሐይን መካከል ሸፍና ጠርዟ ብቻ እንደ ቀለበት የሚታይበት) ፎቶ አንድ የሥነ ፈለክ መጽሔት «ለኅትመት ያንሳል» ብሎ መለሰልኝ። ካሜራዬ ግን የሚያነሣው በ6000 በ4000 ፒክስል ነው! ምክንያቱ ቴሌግራም ነበር፤ በፎቶ መልክ የተላከውን ይጨምቀዋል። ደሴ ስመለስ ዋናውን ከካሜራው ካርድ ወደ ኮምፒውተር ገልብጬ በፋይል መልክ ላክሁት። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሲታተም ወርዱ 50 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ለማንኛውም ገጽ ይበቃል።

ከመጠኑ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሰዓቱ ነው። የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ሥነ ፈለክ በሚጠቀምበት በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት (UTC) 05:00 ነው። ይህ በግልጽ ካልተጻፈ ፎቶው ያማረ ሥዕል ሆኖ ይቀራል እንጂ ሌላው ተመልካች ከራሱ ምልከታ ጋር ሊያነጻጽረው አይችልም። ስለዚህ በመግለጫው ላይ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ቦታውን፣ ሌንሱንና የፀሐይ ማጣሪያውን ጻፍሁ። ያን ጊዜ ተቀበሉት።