ደም አንሶዎታል ሲባሉ፦ ምክንያቱን እስከ ሥሩ ለመከታተል የሚረዳ መመሪያ

በባሕር ዳርና በአካባቢዋ አንድ ሰው «ደም አነሰኝ» ሲል ሁለት ፈጽሞ የማይገናኙ ነገሮችን ሊል ይችላል። አንዱ፣ ከተቀመጠበት ሲነሣ ዓይኑ ላይ ጭልም ይልበታልና የደም ግፊቱ ዝቅ ማለቱን ነው፤ ሌላው፣ ቀይ የደም ሕዋሱ ወይም በውስጡ ያለው ሄሞግሎቢን ከሚገባው በታች መሆኑን ነው። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ከፍተኛ የደም ግፊትን «ደም ብዛት» ብለን መጥራታችን ደም ማነስ የእርሱ ተቃራኒ ነው የሚል ግምት ፈጥሯል። በዚህም የተነሣ ደም ማነስ ሲነገራቸው የግፊት መድኃኒታቸውን በራሳቸው ፈቃድ ያቆሙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ሁለቱ ግን በአንድ ሰው ላይ አብረው ይኖራሉ፤ ለምሳሌ ኩላሊቱ የተጎዳ ሰው ግፊቱ ከፍ፣ ደሙ ደግሞ ዝቅ ብሎ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ቀይ የደም ሕዋስ የሚሠራው በአጥንት መቅኒ ውስጥ ሲሆን ዕድሜው 120 ቀን ያህል ነው። በውስጡ ያለው ሄሞግሎቢን ከሳንባ ኦክስጅን ተቀብሎ ለመላ አካል ያደርሳል፤ እርሱን ለመሥራትም ብረት የግድ ያስፈልጋል። እንስራ ጎድሎ ሲገኝ ከምንጩ ሳይሞላ እንደ ሆነ፣ እያፈሰሰ እንደ ሆነ ወይም በመንገድ ተደፍቶ እንደ ሆነ እንደሚጠየቅ ሁሉ፣ ደምም ሲያንስ ጥያቄው በቂ ሆኖ ሳይሠራ ቀርቶ ነው፣ ፈስሶ ነው ወይስ ያለ ጊዜው ፈርሶ ነው የሚለው ነው። ደም ማነስ ራሱ የመጨረሻ የበሽታ ስም አይደለም። «ደም አንሶሃል» ተብሎ የብረት ኪኒን ብቻ ይዞ የወጣ ሰው የምርመራውን ግማሽ ብቻ ነው ያገኘው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በቤታችን ስለ ደረሰ ነው። አክስቴ አንድ ዓመት ለሚሆን ጊዜ ከአንድ የግል ክሊኒክ የብረት ኪኒን እየተሰጣቸው ደማቸው ትንሽ ከፍ ይልና ተመልሶ ይወርድ ነበር። ለጉልበታቸው ሕመም በየቀኑ ከመድኃኒት ቤት የሚገዙትን ዳይክሎፌናክ በዚያ ሁሉ ጊዜ ማንም አልጠየቃቸውም፤ እርሳቸውም የጉልበት መድኃኒት ከደም ጋር ምን አገናኘው ብለው አላነሡትም። ኋላ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ሲታይ ግን፣ መድኃኒቱ ያቆሰለው ጨጓራቸው በጥቂት በጥቂቱ ይደማ ነበር።

በቤት የሚታዩ ምልክቶች

ደም ቀስ በቀስ ሲያንስ አካል እየለመደው ስለሚሄድ ብዙ ሰው ሕመሙን ለሌላ ነገር ይሰጠዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ድካሙን በሙቀቱ ያሳብባል፤ ተማሪው በጥናት፣ እናት ደግሞ በልጅ ማሳደግ ያሳብባሉ። ስለዚህ «ይደክምሃል ወይ?» ከማለት ይልቅ ከዚህ በፊት በቀላሉ ይደረግ የነበረን ነገር ማስታወስ ይሻላል፦ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ሲወጡ ሳያቋርጡ ይጫወቱ የነበሩ ሰው አሁን ቃል ለመናገር የሚቆሙ ከሆነ፣ አንድ ጀሪካን ውኃ አንሥተው ልብዎ ደረትዎን የሚደልቀው ከሆነ፣ ያ ልብ ሊባል ይገባዋል። ራስ ምታት፣ ጆሮ ውስጥ መጮኽ፣ የእጅና የእግር መቀዝቀዝ፣ የከንፈር ጠርዝ መሰንጠቅና የምላስ መላላጥም ይኖራሉ። እግር እየደነዘዘ እንደ መርፌ የሚወጋ ከሆነ ደግሞ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ተለይቶ መነገር አለበት።

ንጣትን ለማየት ፊትን ማየት ያሳስታል፤ የጠይም ሰው ፊት ብዙ አይናገርም። በር አጠገብ በቀን ብርሃን ቆመው የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣት ዝቅ አድርገው ውስጡን ይመልከቱ፤ ቀላ ማለት ሲገባው ከነጣ ምልክት ነው። መዳፍዎንም ከአንድ ጤነኛ የቤተሰብ አባል መዳፍ ጎን ዘርግተው ያነጻጽሩ። ንጣት መታየቱ ለምርመራ ያስቸኩላል፤ አለመታየቱ ግን ደም አላነሰም ማለት አይደለም፣ ምክንያቱም መለስተኛ ደም ማነስ በዓይን አይለይም።

አንድ ምልክት በተለይ ይናቃል፤ እርሱም ምግብ ያልሆነን ነገር የመብላት ፍላጎት ነው። አንዲት የጎረቤቴ ልጅ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ ገና ያልደረቀ የጭቃ ምድጃ ጠርዝ በጥፍሯ እየፋቀች ወደ አፏ ስትከት አየኋት። እናቷ «ተዪአት፣ አመሏ ነው» አሉኝ። ስትመረመር ሄሞግሎቢኗ ቢያንስ 12 መሆን ሲገባው 7.9 ሆነ። የወር አበባዋ በየወሩ ስምንትና ዘጠኝ ቀን እንደሚቆይ፣ ሌሊትም ሁለት ጊዜ እየተነሣች እንደምትቀይር ለማንም ተናግራ አታውቅም ነበር፤ የሌሎቹ ሴቶችም እንደዚያው ይመስላት ነበር። አፈር፣ ገል፣ ከሰል ወይም ጥሬ ሩዝ የሚያሰኘው ሰው፣ ነፍሰ ጡርም ብትሆን «አምሮት ነው» ተብሎ ሳይታለፍ ይመረመር።

በጣና ዙሪያ ምክንያቱ ከየት ይመጣል?

ከሁሉም የሚበዛው የብረት እጥረት ነው። እዚህ ላይ «ጤፍ የሚበላ ሰው ደም አያንሰውም» የሚለው አባባል መታረም አለበት። ጤፍ ብረት አለው፤ ነገር ግን በምርመራ ከሚለካው ውስጥ ከፊሉ በአውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈር የተቀላቀለ በመሆኑ አካል ብዙም አይወስደውም። በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገርም ብረቱን አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ በእርሾ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ስለሚቀንስ በዚህ ረገድ የቦካ እንጀራ ከቂጣ ይሻላል። ከምግብ በኋላ ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይ ደግሞ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ከሚያግዱት ዋናዎቹ ናቸው። የዘጌን ቡና አትጠጡ የሚል ምክር በዚህ ከተማ ሰሚ እንደማያገኝ አውቃለሁ፤ የምጠይቀው ረከቦቱ ከምሳ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ከተቻለም ሁለት ሰዓት ዘግይቶ እንዲቀርብ ብቻ ነው። ሎሚ የተጨመቀበት ሰላጣ ወይም ብርቱካን ከሽሮና ከምስር ጋር ሲበላ በአንጻሩ ብረቱን ያስገባል። ቀይ ሥር ቀለሙ ደም ስለሚመስል ብዙ ተስፋ ይጣልበታል፤ ምግብነቱ ጥሩ ነው፣ የብረት ምንጭነቱ ግን እንደ ቀለሙ አይደለም።

የሥጋና የጉበት ብረት ከእህል ብረት በተሻለ ይወሰዳል። የጣና ቆረሶና አምባዛም ብረታቸው ከቀይ ሥጋ ያነሰ ቢሆንም አብረዋቸው ከሚበሉት እህልና ጥራጥሬ ብረት እንዲወሰድ ያግዛሉ፣ ቢ12ም ይሰጣሉ። በጾም ወራት አሳ የሚበላም የማይበላም አለና ያ የእያንዳንዱ የእምነት ጉዳይ ነው፤ ነፍሰ ጡርና የታመመ ሰው ግን ጾሙን በተመለከተ ከንስሐ አባቱም ከሐኪሙም ጋር ቢነጋገር መልካም ነው።

ቀጥሎ የሚመጡት ከውኃውና ከመሬቱ ጋር የተያያዙት ናቸው። በተለምዶ ለትል ሁሉ ኮሶን እንከስሳለን፤ የኮሶ ትል ግን ምግብ ይሻማል እንጂ ደም አይጠጣም። ደም የሚመጠው ሁክዎርም የሚባለው ትንሽ ትል ሲሆን የሚገባውም በባዶ እግር ቆዳ በኩል ከእርጥብ አፈር ነው፤ ስለዚህ የቡና ጓሮ የሚኮተኩት፣ በፎገራ ማሳ ሩዝ የሚያርም ወይም በሐይቁ ዳር አሸዋ የሚያወጣ ሰው ይህን ለሐኪሙ መንገር አለበት። ቢልሃርዚያም በቀንድ አውጣ አማካይነት ከሐይቁና ከወንዙ ዳርቻ ይተላለፋል፤ አንጀትን እያደማና ጉበትን እየጎዳ ደም ያሳንሳል።

ወባ የደም ሕዋስን ራሱን ያፈርሳል፤ በዝናቡ መጨረሻ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ትኩሳት ይዞት የነጣ ልጅ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መድረስ ይኖርበታል። ወባ ተብሎ ታክሞ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ያልለቀቀው፣ የከሳና በግራ ጎኑ ጣፊያው አብጦ ሆዱ የተነፋ ሰው ደግሞ ካላ አዛር የተባለው፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ እንዳይሆን መጠርጠር አለበት። ይህ በሽታ በመተማና በሑመራ ቆላ ለሰሊጥ አጨዳ ወርደው በሚመለሱ ወጣቶች ላይ ይታወቃል፤ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ከጣና በስተ ምሥራቅ በሊቦ ከምከም ወረርሽኝ ሆኖ ተነሥቷል። ስለዚህ ቆላ ወርጄ አላውቅም ማለት ብቻውን ነጻ አያደርግም።

ሌሎቹን በአጭሩ ላንሣ፦ እርግዝናና ተቀራራቢ ወሊድ፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ ኤችአይቪ፣ የኩላሊት በሽታ፣ የአረቄ ብዛት፣ እንዲሁም ከዓመት በታች ለሆነ ሕፃን የላም ወተት ብቻ መስጠት ሁሉም ደም ያሳንሳሉ። ወንድ ከሆኑ ወይም የወር አበባ ካቆመ በኋላ የብረት እጥረት ከተገኘብዎት ከጨጓራ ወይም ከአንጀት የሚደማ ነገር፣ ካንሰርም ጭምር፣ እንዳለ ሳይታይ መታለፍ የለበትም።

ለምርመራ ሲሄዱ

ከቤት ሳይወጡ የሚከተሉትን ያስታውሱ፦ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱ፣ የወር አበባ ስንት ቀን እንደሚቆይ ይቁጠሩ፣ ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ እንደ ሆነ ይመልከቱ። የብረት ኪኒንም ሰገራን ስለሚያጠቁር፣ እየወሰዱ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩ። ይህን ሁሉ በካርድ ክፍል ወረፋ ላይ ማስታወስ ከባድ ስለሆነ በወረቀት መጻፍ አያሳፍርም።

መነሻው ምርመራ ሲቢሲ የሚባለው ሙሉ የደም ቆጠራ ነው። ማሽኑ በሌለበት ጤና ጣቢያ ሄማቶክሪት ይሠራል፦ ከጣት የተወሰደ ደም በቀጭን የመስታወት ቱቦ ገብቶ ለአምስት ደቂቃ ያህል ይሽከረከራል፣ ከዚያም ቀዩ እንደ ጠላ አተላ ከታች ይዘቅጥና ገለባ የመሰለው ፈሳሽ ከላይ ይቀራል። የቀዩ ቁመት ከጠቅላላው በመቶኛ ሲሰላ፣ ያን ለሦስት ማካፈል የሄሞግሎቢኑን ግምት ይሰጣል፤ 30 በመቶ ማለት 10 ግራም ገደማ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ በዴሲሊትር ለአዋቂ ወንድ 13 ግራም፣ ላላረገዘች ሴት 12፣ ለነፍሰ ጡር በመጀመሪያዎቹና በመጨረሻዎቹ ወራት 11 ሲሆን ከዚህ በታች የሆነው ደም ማነስ ይባላል። ይሁን እንጂ ይህ ልክ የወጣው በባሕር ጠለል ከፍታ ለሚኖር ሰው ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፣ አካልም ለማካካስ ብዙ ቀይ ሕዋስ ይሠራል፤ በመሆኑም መለኪያው ከግማሽ እስከ አንድ ግራም ገደማ ከፍ ይደረጋል። 12.2 የተገኘባት ሴት «ደህና ነሽ» ተብላ ስትመለስ ይህን ልትጠይቅ ትችላለች።

በዚያው ወረቀት ላይ ኤምሲቪ የሚለውን ይፈልጉ፤ የሕዋሱን መጠን የሚናገር ሲሆን ጤነኛው ከ80 እስከ 100 ነው። ከ80 በታች ከሆነ በአካባቢያችን ብዙውን ጊዜ የብረት እጥረት ነው። ከ100 በላይ ከሆነ የፎሊክ አሲድ ወይም የቢ12 እጥረት፣ አልኮል፣ የጉበት በሽታ ወይም አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶች ይታሰባሉ። መካከል ላይ ከሆነ በቅርቡ የፈሰሰ ደም፣ ኩላሊት ወይም የቆየ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ የብረት እጥረትና የቢ12 እጥረት አብረው ሲመጡም ቁጥሩ መካከል ላይ አርፎ ሊያታልል ይችላል። ከዚያ እንደ ሁኔታው የሰገራ ምርመራ፣ የወባ ምርመራና ደምን በማይክሮስኮፕ ማየት ይከተላሉ። በአካል የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ፌሪቲን በየቦታው አይሠራም፤ በሚሠራበትም ቦታ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ብረቱ አልቆም ቢሆን ፌሪቲኑ ደህና መስሎ ሊታይ ስለሚችል ትኩሳት ካለዎት ይንገሩ።

ተቀምጠው እያሉ ትንፋሽ የሚያጥርዎ፣ ደረትዎን የሚያምዎ፣ ራስዎን የሚስቱ፣ ደም የሚያስመልስዎ ወይም የሬንጅ ዓይነት ሰገራ ያለዎት ከሆነ፣ ነፍሰ ጡርም ሆነው ሄሞግሎቢንዎ ከ7 በታች ከሆነ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ እንደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ባለ ሆስፒታል ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ብረት ከታዘዘልዎ ኪኒኑን ከቡና፣ ከሻይና ከወተት አርቀው፣ ቢቻል በሎሚ ጭማቂ ይውሰዱት፤ ሆድዎን ካመመዎ ከማቆም ይልቅ ከምግብ ጋር ያድርጉት። ጥቂት ኪኒን ሕፃንን ሊገድል ስለሚችል በቁልፍ ያስቀምጡት። ከአንድ ወር በኋላ ደግመው ሲመረመሩ ሄሞግሎቢኑ ከ1 እስከ 2 ግራም መጨመር አለበት፤ ከጨመረም ደሙ ልክ ከደረሰ በኋላ ሦስት ወር ያህል ይቀጥላል። ካልጨመረ ኪኒኑ በትክክል አልተወሰደም፣ ደሙ አሁንም እየፈሰሰ ነው፣ ወይም መነሻው ብረት አልነበረም። ለዚህ ማነጻጸሪያ የሚሆነው የመጀመሪያው የውጤት ወረቀት ስለሆነ አጥፈው ከክትባት ካርዱ ጋር ያኑሩት፤ ሁለተኛውንም ምርመራ በዚያው ላብራቶሪ ያሠሩ።