ከርነላችሁን ለማፍጠን ከመነሳታችሁ በፊት

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጄንቱ ጫንኩ። ጄንቱ ፕሮግራሞቹን ከነምንጭ ኮዳቸው አውርዳችሁ ራሳችሁ ኮምፓይል የምታደርጉበት (ወደ ማሽን ቋንቋ የምትቀይሩበት) የሊኑክስ ዓይነት ነው። ለኮምፓይለሩ ምን እንደሚታዘዝ የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። እኔም ከዚህም ከዚያም የቃረምኩትን ፍላግ (ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ ትዕዛዝ) ሁሉ ደረደርኩ። ኮዱን በጣም አፍጥን የሚለው ኦ3 አለ፣ ፋስት-ማዝ አለ፣ ሉፕ የሚዘረጋው አለ፣ ምኑ ቅጡ። ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። መሃል ላይ መብራት ሁለቴ ሄደብኝ።

በሳምንቱ አንድ የምወደው ፕሮግራም ያለምክንያት መዘጋት ጀመረ። ለሠሪዎቹ ረጅም የባግ ሪፖርት ጻፍኩ። የመጣልኝ መልስ አንድ መስመር ነው፦ "በኦ2 ኮምፓይል አድርገህ ሞክረው።" ኦ2 ከኦ3 ለዘብ ያለው ደረጃ ነው። ሞከርኩት። ችግሩ የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እኔ ላይ ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ፍላግ ወይም አንድ "ፈጣን" ኮድ ከመጨመሬ በፊት የማደርገውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ነባሩ ምርጫ ለምን እንደተመረጠ እጠይቃለሁ። የሊኑክስ ከርነል፣ የሥርዓቱ እምብርት፣ በነባሪ የሚገነባው በኦ2 ነው። የሌላው ክፍት ምንጭ ሥርዓት፣ የፍሪቢኤስዲ፣ መመሪያም ከኦ እና ከኦ2 ውጪ ያለውን ደረጃ አንደግፍም ይላል። በ2022 ኦ3ን ለሁሉም የከርነል ተጠቃሚ እንክፈት የሚል ሐሳብ ቀርቦ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ አልተቀበለውም። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ኦ3 ፈንክሽኖችን እርስ በርስ ይከታል፣ ሉፖችን ይዘረጋል፤ ኮዱ ይወፍራል። የብዙ ኢንቴል ፕሮሰሰሮች የመጀመሪያው የትዕዛዝ ካሽ (ትዕዛዞችን በቅርብ የሚይዘው ፈጣን ሜሞሪ) ግን 32 ኪሎባይት ብቻ ነው። የከርነል ኮድ ደግሞ አንድ ሉፕ ላይ ሚሊዮን ጊዜ አይዞርም፤ ከአንዱ ፈንክሽን ወደ ሌላው ሲዘል ነው የሚውለው። እንዲህ ላለ ሥራ ወፍራም ኮድ ቀርፋፋ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ መለካት። ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ እሰካለሁ፣ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ገቨርነር ፐርፎርማንስ ላይ አደርጋለሁ፣ ብራውዘሩን እዘጋለሁ። ከዚያ ፐርፍ ስታት የሚባለውን መለኪያ አንዱን ሥራ አሥር ጊዜ እንዲደግም አዘዋለሁ። አማካዩንም መዋዠቁንም ያሳያል። ፍላጉ ያመጣው ልዩነት ከመዋዠቁ ካላለፈ፣ እኔ ዘንድ ልዩነት የለም። አብዛኛው ጊዜ ነገሩ እዚሁ ያልቃል። የኮዱን መጠን ማየት ለሚፈልግ በከርነሉ ምንጭ ውስጥ ብሎት-ኦ-ሜትር የሚባል ስክሪፕት አለ። የትኛው ፈንክሽን ስንት ባይት እንደጨመረ ዘርዝሮ ይነግራችኋል። ስሙን ስወደው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ሲበላሽ ማን ያነበዋል? በክፍት ምንጭ ሥራ ፓቹን (የኮድ ለውጡን) የላከው ሰው ይሄዳል፤ ኮዱ ከሜንቴይነሩ (ከሚንከባከበው ሰው) ጋር ይቀራል። ሜንቴይነሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሥራ በኋላ ማታ የሚቀመጥ በጎ ፈቃደኛ ነው። ስለዚህ ፍላጉን ካበራሁ በኋላ ሆን ብዬ ፕሮግራሙን እሰብረዋለሁ። ጂዲቢ የሚባለውን የስህተት መፈለጊያ ከፍቼ ቫሪያብሎቹን እጠይቃለሁ። መልሱ ሁሉ "ኦፕቲማይዝድ አውት" (ኮምፓይለሩ አጥፍቶታል) ከሆነ፣ ያገኘኋት ጥቂት ፍጥነት ወጪዋ ስንት እንደሆነ ያኔ ይገባኛል።

የፈንክሽኖችን የጥሪ ሰንሰለት ለመከተል የሚረዳው ፍሬም ፖይንተር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ኮምፓይለሩ እሱን ሲተወው አንድ ሬጅስተር (የፕሮሰሰሩ ትንሽ ማስቀመጫ) ነፃ ይወጣል፤ ኮዱም ትንሽ ይፈጥናል። ግን የትኛው ፈንክሽን የትኛውን እንደጠራ ቶሎ መከታተል ያስቸግራል። ፐርፍ የሚያሳያችሁ ሰንሰለት ይቆራረጣል። ፌዶራ የሚባለው ሊኑክስ ውስጥ ይመለስ የሚል ሐሳብ ቀርቦ በ2022 ውድቅ ሆነ፤ ብዙ ከተጨቃጨቁ በኋላ በ2023 መጀመሪያ ጸደቀና ፌዶራ 38 ውስጥ ገባ። ዋጋው ታውቆ ነው የተከፈለው፤ ጂሲሲ በሚባለው ኮምፓይለር ከርነል መገንባት 2.4 በመቶ ያህል ይዘገያል ተብሎ ተለክቶ ነበር። ሌላው ሊኑክስ፣ ኡቡንቱም፣ በ24.04 ተከተለ። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የዘገየበትን ቦታ ማየት ካልቻላችሁ የምታፈጥኑት በግምት ነው። (ከርነሉ ራሱ በኤክስ86 (በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች) ላይ ኦርክ በሚባል ሠንጠረዥ ሌላ መንገድ ይዟል። ፍሬም ፖይንተር አያስፈልገውም፤ በምትኩ ከ2 እስከ 4 ሜጋባይት ሜሞሪ ይበላል።)

ሌላው ልማዴ ሜክፋይል (የግንባታ መመሪያ ፋይል) ውስጥ "ኖ" (አታድርግ) የሚል ፍላግ ሳይ እጄን መሰብሰብ ነው። በ2009 የሊኑክስ 2.6.30 ታን የሚባል የኔትወርክ ድራይቨር ውስጥ አንድ ስህተት ነበር። ኮዱ መጀመሪያ ፖይንተሩን (የሜሞሪ አድራሻ የያዘውን) ይጠቀምበታል፤ ከዚያ ናል (ባዶ) መሆን አለመሆኑን ይፈትሻል። ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ ነው። ጂሲሲ ደግሞ "ከተጠቀምክበትማ ናል ሊሆን አይችልም" ብሎ ፍተሻውን እንዳለ አጠፋው። በሲ ቋንቋ ሕግ ትክክል ነው። ውጤቱ ግን ተራ ተጠቃሚ ሩት (ሁሉን የሚችል አስተዳዳሪ) የሚሆንበት ቀዳዳ ሆነ። ከዚያ በኋላ ከርነሉ እንዲህ ያለውን ፍተሻ አታጥፋ የሚል ፍላግ ይዞ ይገነባል። በሲ የዳታ ዓይነት ሕግ ተመርኩዞ ኮድ የሚያፈጥነው ስትሪክት ኤሊያሲንግም ዝግ ነው። እነዚህን "ፍጥነት ይከለክላሉ" ብላችሁ ከመሰረዛችሁ በፊት ጊት ብሌም አድርጉ። መስመሩን ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳስገባው አንብቡ።

ኮድ ውስጥ በእጅ ስለሚደረገው ማፍጠን ብዙ አልልም። የከርነሉ የአጻጻፍ መመሪያ ከ3 መስመር የበለጠ ፈንክሽን ኢንላይን (በጠራው ኮድ ውስጥ የሚከተት) አይሁን ይላል። ይሄንኑ "የኢንላይን በሽታ" ብሎ ነው የጠራው። የትኛው መንገድ እንደሚዘወተር ለኮምፓይለሩ የሚጠቁሙትን ላይክሊ እና አንላይክሊንም ካልለካችሁ ተዉአቸው።

ይሄ ሁሉ አልፎ ፍላጉ በእርግጥ ከጠቀመስ? ያኔ ለሚያስፈልገው ፋይል ብቻ ይሰጠዋል። ከርነል ውስጥ ሜክፋይሉ ለአንድ ፋይል ብቻ ሲፍላግስ (የኮምፓይለር ፍላጎች) መጨመር ያስችላል። ጄንቱ ላይ ደግሞ ለአንድ ፓኬጅ ብቻ ፍላግ የሚሰጥበት ፓኬጅ ዶት ኢንቭ አለ። አገሩን ሁሉ በኦ3 ማጥለቅለቅ አያስፈልግም። ከጎኑም ኮሜንት ይጻፍ፦ በየትኛው ኮምፓይለር፣ በየትኛው ማሽን፣ ምን ተለካ፣ መቼ።

ላፕቶፑ አሁንም አለ። ሁሉም ነገር በኦ2 ነው፤ ለዚያው ፕሮሰሰር እንዲስማማ ማርች-ኔቲቭ ብቻ ተጨምሯል። ለረጅም ጊዜ አንዲት የቪዲዮ ፓኬጅ ብቻ ኦ3 ነበራት። ከላይዋ "ጂሲሲ 12፣ ይሄው ማሽን፤ ጂሲሲ ሲቀየር እንደገና ይለካ" ብዬ ጽፌ ነበር። ጂሲሲ 14 ሲመጣ ለካሁ። ልዩነቱ ከመዋዠቁ አላለፈም። መስመሯን ከነኮሜንቷ ሰረዝኳት።