የሥራ ሂደት ሶፍትዌር ስታወዳድሩ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

መሥሪያ ቤታችሁ "ወረቀት ይብቃን፣ ሶፍትዌር እንግዛ" ብሎ ከሆነ፣ ይኼኔ ኮሚቴ ተቋቁሟል፣ ፕሮፎርማም መሰብሰብ ተጀምሯል። የሥራ ሂደት ሶፍትዌር ስል፣ አንድን ጥያቄ ከፈራሚ ወደ ፈራሚ በኮምፒውተር የሚያስተላልፈውን ማለቴ ነው። እኔ እንዲህ ዓይነት ኮሚቴ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀምጫለሁ። በመጀመሪያው የገዛነው ሶፍትዌር መጥፎ አልነበረም። ለእኛ ግን አልሆነም። ስድስት ወር ሳይሞላ ሰው ሁሉ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ፤ የተከፈለው ገንዘብ ግን አልተመለሰም። ጥፋቱ አወዳደራችን ላይ ነበር። እናንተ እንዳትደግሙት የሳትንባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ስህተት 1፦ የራስን ወረቀት ሳይከተሉ ዴሞ ማየት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ሻጭ ጠራን፣ ፕሮጀክተር ተከፈተ፣ የሚያምር ስክሪን አየን፣ ወደድነው። የእኛ ሥራ እንዴት እንደሚሄድ ግን ማናችንም በጽሑፍ አልያዝንም ነበር።

በሁለተኛው ጊዜ ሻጭ ከመጥራታችን በፊት አንድ ወረቀት ተከተልን። የፕሪንተር ቀለም ለመግዛት የተሞላ የግዥ መጠየቂያ ነው። ጠያቂው ክፍል ሞላው፣ የክፍሉ ኃላፊ ፈረሙ። ንብረት ክፍል "በስቶር የለም" ብሎ ጻፈበት። ፋይናንስ በጀት መኖሩን አረጋገጠ። ሥራ አስኪያጁ ጋ ሲደርስ ጠርዙ ላይ "ለግዥ፣ ይፈጸም" ብለው መሩት። ግዥ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ መልሶ አቀረበ። እንዲህ እያለ ቀጠለ።

ሁላችንም ወረቀቱ በአምስት እጅ ያልፋል ብለን ነበር። ስንቆጥረው አሥራ አንድ ሆነ። ሁለት ጊዜ መዝገብ ቤት ተመልሷል። ብዙውን ቀን ያሳለፈው ደግሞ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ኃላፊው ውክልና ሳይሰጡ መስክ ስለወጡ።

ለሻጮች ሁሉ ያቀረብነው ዋናው ጥያቄ የመጣው ከዚያች ወረቀት ነው። ፈራሚው ሳይወክል ቢሄድ ሥራው ወደ ማን ይዞራል? ከስንት ቀን በኋላ? የተተካው ሰው ሲያጸድቅ በማን ስም ይመዘገባል? ሁለት ሻጮች እዚህ ላይ ቀሩ። አንደኛው "ሲስተም አድሚኑ በእጁ ይቀይረዋል" አለን። ይህ ማለት የኮምፒውተር ባለሙያው የፋይናንስን ፊርማ ለፈለገው ሰው መስጠት ይችላል ማለት ነው። የውስጥ ኦዲተራችን ይህን ሲሰሙ ማስታወሻቸውን ዘጉ።

እባካችሁ፣ ሌላ ነገር ባታደርጉ ይህን አድርጉ። አንድ ወረቀት ምረጡ፣ ከመነሻው እስከ ፋይሉ ተከተሉት፣ የነካውን ሰውና የቆየበትን ቀን ጻፉ።

ስህተት 2፦ የማይወዳደሩትን ማወዳደር

የመጀመሪያው ሠንጠረዣችን ስድስት ሶፍትዌሮችን ጎን ለጎን አስቀምጦ "አለው፣ የለውም" የሚል ምልክት የተሞላበት ነበር። ብዙ ምልክት ያገኘው አሸነፈ። ችግሩ፣ ስድስቱ አንድ ዓይነት ዕቃ አልነበሩም።

ቢዛጊ ሞደለር ሂደትን የምትስሉበት ነጻ መሣሪያ ነው። ሥዕሉን ወደሚሠራ ሲስተም መለወጥ ሌላ ምርት ነው፣ ሌላ ክፍያ አለው። ካሙንዳ የሂደት ሞተር ነው፣ ማለትም የተሳለውን ሂደት ከጀርባ ሆኖ ደረጃ በደረጃ የሚያስኬድ ፕሮግራም፤ ጠንካራ ነው፣ ግን ፕሮግራመር ይፈልጋል። ፓወር አውቶሜት ማይክሮሶፍት 365 ላላቸው ቀላል የማጽደቂያ ሥራዎችን ያለ ፕሮግራመር ይሠራል። ኦዱ ደግሞ የሂሳብ፣ የንብረትና የግዥ ሲስተም ሆኖ በውስጡ የማጽደቅ ሂደት የሚይዝ ነው። ነጻውን የኦዱ እትም ያሰባችሁ ግን አንድ ነገር እወቁ፤ "አፕሩቫልስ" የሚባለው ክፍል ያለው በሚከፈልበት እትም ውስጥ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁን ዓይነት ለዩ። በመሥሪያ ቤታችሁ ሁለት ጥሩ ፕሮግራመር ከሌለ፣ የሂደት ሞተር በነጻ ቢሰጣችሁም አትጠቀሙበትም።

ስህተት 3፦ በሻጩ ዳታ መርካት

በዴሞ ላይ ጠያቂው "ጆን ስሚዝ" ነው፣ ቀኑ በፈረንጆቹ ነው፣ ሁሉም ነገር ይሠራል። የእናንተን መረጃ አስገቡበትና እዩ።

ከስም እንጀምር። ፎርሙ "ላስት ኔም" ብሎ ያስገድዳል። አቶ አበበ ከበደ ሲመዘገቡ የአባታቸው ስም እዚያ ይገባል። ከዚያ ዝርዝሩ በአባት ስም ይደረደራል፣ የሚላከው ማሳሰቢያም "ውድ አቶ ከበደ" ብሎ አባታቸውን ይጠራል። የአያት ስም ደግሞ ቦታ የለውም። ሁለት አበበ ከበደ ያለበት መሥሪያ ቤት ይህ ትንሽ ነገር እንዳልሆነ ያውቃል።

ፍለጋውንም ሞክሩት። አንዱ ጸሐፊ "ፀሐይ" ብሎ ያስገባል፣ ሌላው "ጸሀይ" ብሎ ይፈልጋል። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል ነው። "ምንም አልተገኘም" ይላችኋል። ሠ እና ሰ፣ ዐ እና አ፣ ኀ እና ሐም እንደዚያው። ይህን የሚያስተካክል ሶፍትዌር ወይም የሚያስተካክልላችሁ ሻጭ ካገኛችሁ ከፍ ያለ ነጥብ ስጡት። መዝገብ ቤት በቀን ስንት ጊዜ ፋይል እንደሚፈልግ አስቡ።

ቀጥሎ ቀን። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ይህ በፈረንጆቹ ጁላይ 8 ነው። የበጀት ዓመቱን ከዚያ ቀን ማስጀመር ይቻላል ወይ? የሩብ ዓመት ሪፖርቱስ መስከረም 30 ላይ ይዘጋል? ጳጉሜን የት ያስገባታል? ሰዓትም አለ። አንድ ሰው "ስብሰባ 3፡00" ብሎ ቢሞላ፣ ሲስተሙ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያስታውሰዋል።

በመጨረሻ አንድ የአማርኛ ደብዳቤ በፒዲኤፍ አስወጡና አትሙት። ስክሪኑ ላይ የሚያምረው አማርኛ ወረቀቱ ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ሰርቨሩ ላይ የግዕዝ ፊደል (ፎንት) ስላልተጫነ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ግን ከመፈረማችሁ በፊት እወቁት።

ስህተት 4፦ የመጀመሪያውን ዓመት ዋጋ ብቻ ማየት

ብዙዎቹ ሶፍትዌሮች በሰው ቁጥር፣ በወር፣ በዶላር ነው የሚከፈልባቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በጀቱን በብር ያስጸደቀ መሥሪያ ቤት ለያንኑ ሶፍትዌር እጥፍ ገደማ ሊከፍል ነው ማለት ነው። የሦስት ዓመት ዋጋ አስሉ፣ ምንዛሬው ከፍ ቢልስ የሚል ሁለተኛ ስሌትም ሥሩ። ክፍያውን ከዚህ በየዓመቱ በምን መንገድ እንደምትልኩም ቀድማችሁ ባንካችሁን ጠይቁ።

የሰው ቁጥሩንም ፈትሹት። በወር አንዴ የዓመት ፈቃድ የሚጠይቅ ሠራተኛ እንደ ሙሉ ተጠቃሚ ይቆጠራል? ተጨማሪ ክፍያም ተደብቆ ይገኛል። ፓወር አውቶሜትን ከኤስኪውኤል ሰርቨር ዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ማገናኛ፣ ለምሳሌ፣ ፕሪሚየም ነው፤ ማለትም ለብቻው ይከፈልበታል።

"ነጻ ነው" የሚለው ቃልም ይጣራ። ብዙ ድርጅቶች ለዓመታት በነጻ የተጠቀሙበት የካሙንዳ 7 ኮሚዩኒቲ እትም የመጨረሻው ልቀት በጥቅምት 2018 ወጥቶ አበቃ። በካሙንዳ 8 ደግሞ ከ8.6 እትም ጀምሮ ሲስተሙን በራስ ሰርቨር ላይ ለእውነተኛ ሥራ ለማዋል ላይሰንስ ያስፈልጋል። ኩባንያው መብቱ ነው። እናንተ ግን ፈቃዱን ዛሬ ባለበት ሁኔታ አንብቡት፤ ከአራት ዓመት በፊት የተጻፈ ምክር አትመኑ።

ስህተት 5፦ የተንዛዛውን አሠራር እንዳለ ማስገባት

መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ማለትም ቢፒአር፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ ሲዘመት የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። "የሥራ ሂደት ባለቤት" የሚለው ማዕረግ ያኔ የመጣ ነው። ብዙ ቦታ የበሩ ጽሑፍ ተቀየረ፣ የፊርማው ብዛት ግን ባለበት ቀረ። ሶፍትዌርም እንደዚያ ሊሆን ይችላል። አሥራ አንድ እጅ የሚነካውን ወረቀት ወደ አሥራ አንድ ጠቅታ ብትቀይሩት ምን ተረፋችሁ? ከማወዳደራችሁ በፊት የትኛው ፊርማ ቢቀር ምንም እንደማይጎድል ተነጋገሩ። እኛ ሦስቱን አስቀርተናል፤ ለዚያ ሶፍትዌር አላስፈለገንም።

ስህተት 6፦ መውጫውን አለመጠየቅ

ሻጮች "ቢፒኤምኤን እንደግፋለን፣ ሂደታችሁን ይዛችሁ መውጣት ትችላላችሁ" ይላሉ። ቢፒኤምኤን 2.0 በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ዓለም አቀፍ የሂደት አሣሣል መስፈርት ነው፤ መደገፉ ጥሩ ነው። ነገር ግን ይዛችሁ የምትወጡት በአብዛኛው ሥዕሉን ነው። ፎርሞቹ፣ የመዳረሻ ፈቃዶቹ፣ ከሌላ ሲስተም ጋር ያገናኟችሁ ኮዶች እዚያው ይቀራሉ። "ውሉ ሲያበቃ የአምስት ዓመት መዝገባችንን፣ ከነአባሪውና ማን መቼ እንዳጸደቀው ከሚያሳየው ታሪክ ጋር፣ በምን መልክ ትሰጡናላችሁ?" ብላችሁ በደብዳቤ ጠይቁ። መልሱን ውሉ ላይ አስገቡት።

ሁለት ነገር በአጭሩ ልጨምር። ሶፍትዌሩ ክላውድ ከሆነ፣ ማለትም በኢንተርኔት በኩል ከሌላ ቦታ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ከሆነ፣ መብራትና ኔትወርክ በሚጠፋበት ቅርንጫፍ ላይ ሞክሩት፤ ዋናው ቢሮ ላይ መሥራቱ አይበቃም። ኦዲተራችሁንም ቀድማችሁ አማክሩ። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 አለ፤ ሆኖም "አጽድቅ" የሚለውን በተን መጫን በራሱ አዋጁ የሚፈልገውን ያሟላል ወይ የሚለውን ከሻጭ ሳይሆን ከሕግ ባለሙያ ስሙ።

ስህተት 7፦ መዝገብ ቤትን ከኮሚቴው ውጭ ማድረግ

የመጀመሪያው ኮሚቴ ኃላፊዎችን ብቻ የያዘ ነበር። በሁለተኛው የመዝገብ ቤቷን ሠራተኛ ጨመርናት። ሃያ እውነተኛ ጉዳዮችን አስገብተን ለሁለት ሳምንት ስንሞክር እሷም ቁጭ ብላ ሠራች። በሦስተኛው ቀን ባለጉዳይ መስኮቷ ላይ መጥቶ "ማመልከቻዬ የት ደረሰ?" አላት። የደብዳቤ ቁጥሩን አልያዘም። የሚያውቀው ስሙንና ያስገባው ማክሰኞ መሆኑን ነው። በአንደኛው ሶፍትዌር ላይ በቁጥር ካልሆነ መፈለግ አልተቻለም። ወደ እኛ ዞራ "ይሄ ሰውዬ ምን ብዬ ልመልሰው?" አለች። ሻጩ በስልክ መልስ ሊሰጠን አልቻለም። እሷ የድሮውን መዝገብ ገልጣ፣ ማክሰኞን በጣቷ ተከትላ ስሙን አገኘችው፣ ሰውየውንም ሸኘችው። በዚያው ቀን ጥያቄዋን ሠንጠረዡ አናት ላይ፣ ከውክልናው ጥያቄ ጎን ጻፍነው።