የቱቦዋ ቮርቴክሶች ለምን ቦታቸውን ሳቱ?

ሦስት ቀን ሙሉ ራሴን ያዞረኝ ነገር ዛሬ ተፈታ። ጎኗ በርዝመቷ የተሰነጠቀ፣ ከጸጉር እጅግ የቀጠነች የኒዮቢየም (የብረት ዓይነት) ቱቦ በኮምፒውተር እያስመሰልኩ ነበር። ኒዮቢየም ከ9.2 ኬልቪን ገደማ በታች ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል፤ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም መቋቋም ያሳልፋል። ማግኔቲክ ፊልድ ሲበረታበት ቮርቴክሶች ይገቡበታል፤ ፊልዱ ሰርስሮ የሚያልፍባቸው የኤሌክትሪክ ጅረት አዙሪቶች ናቸው።

የኔዎቹ ግን ዙሪያውን እኩል ተበትነው፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይነዳሉ። ልክ ጠፍጣፋ ሉህ ላይ እንዳሉ! የስሌቱን የጊዜ እርምጃ አሳነስኩ። ወይ ፍንክች።

ጥፋቱ አንዲት መስመር ላይ ነበር። ቱቦዋን እንደ ወረቀት ስዘረጋት፣ ፊልዱን በሁሉም ቦታ እኩል አድርጌ ጽፌዋለሁ። በስስ ግድግዳ ላይ ግን ዋናው ገጹን ቀጥ ብሎ የሚወጋው ክፍል ነው። በርሜል አጋድማችሁ ዝናብ ሲወርድበት እዩ፤ አናቱን ይመታል፣ ጎኑን ታክኮ ያልፋል።

ፊልዱን ከቱቦዋ አናት በሚለካው ማዕዘን ኮሳይን አባዛሁት። ቬክተር ፖቴንሻሉም (ፊልዱ በስሌቱ ውስጥ የሚገባበት የሂሳብ መጠን) በሳይን እንዲሄድ አስተካከልኩ፤ ይሄን የረሳ ሰው እንደገና ይለፋል። ወዲያው ቮርቴክሶቹ ከላይና ከታች ብቻ ተሰለፉ። ፊልዱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ስለሚወጣ አዙሪታቸው ተቃራኒ ነው። ጅረቱ ዙሪያውን ሲፈስ የላዮቹ ወደ ግራ፣ የታቾቹ ወደ ቀኝ ሄዱ። ደስታዬን አልችለውም!