ከቤተ መጻሕፍት ፖድካስት ለመጀመር

በጎንደር የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት የንባብ አዳራሽ በፈተና ሰሞን መቀመጫ አይገኝበትም። የሚሞላው ግን ተማሪ ነው። ባጃጅ ነጂው፣ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናው የማይነሣው ልብስ ሰፊ፣ ዐይናቸው የደከመ አዛውንት ደጃፋችንን አይረግጡም። ፖድካስት፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚለቀቅ የድምፅ ዝግጅት፣ መሞከር የጀመርሁት ለእነርሱ ነው። በየከተማው የምትሠሩ ባልደረቦቼም ከማይክሮፎን በፊት አድማጫችሁን ምረጡ፤ የዝግጅቱ ርዝመትም ሆነ የፋይሉ ክብደት የሚወሰነው በእርሱ ነው።

የእኔ አድማጭ እጁ ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ 20 ደቂቃ፣ አንድ እንግዳ፣ አንድ ጉዳይ ይበቃዋል። «የጎንደር ታሪክ» ብላችሁ ብትነሡ ከዐፄ ፋሲለደስ ወዲህ ያሉትን ነገሥታት ስም ስትጠሩ ሰዓቱ ያልቃል። ጠበብ አድርጉት፤ በጆሮ ካልሆነ የማይገኝ ነገር ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። እኔ የያዝሁት የአቋቋም ትምህርትን፣ ማለትም በጸናጽልና በከበሮ የሚቀርበውን የቤተ ክርስቲያን ዜማ ነው። በጎንደር ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉ ስልቶች አሉ፤ ስለ ልዩነታቸው የተጻፈውን አንባቢ ደጋግሞ ቢያነበው እንኳ ዜማው አይሰማውም። በመጀመሪያው ዝግጅት የአንዱን ቤት መምህር፣ በሁለተኛው የሌላውን ብትጋብዙ አድማጩ ራሱ ያመዛዝናል።

ጥሩ ድምፅ ከውድ ዕቃ ይልቅ ከክፍሉ ይገኛል፤ እኛ ደግሞ በዚህ የታደልን ነን። ባዶ ግድግዳና የሲሚንቶ ወለል ድምፅን እየመለሱ ያስተጋባሉ። በመጻሕፍትና በጋዜጣ ጥራዞች የተሞላ መደርደሪያ ግን ድምፅን ይበትናል፣ ይውጣልም። የንባብ አዳራሹን ተዉትና ጠባቡን የጥራዝ ማከማቻ ክፍል ያዙ። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ በክረምት ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ አትያዙ፤ ዝናቡ ከጀመረ ሌላ ነገር አይሰማም። የቅዳሴውን ድምፅ ማጉያና የአዛኑን ሰዓት አስቀድማችሁ እወቁ። የቤተ ክርስቲያኑን ደወል ለብቻው ቀድታችሁ ብታስቀምጡት ደግሞ ለመግቢያ ያምራል።

ለመቅጃ የእጅ ስልክ ይበቃል። ጥሪ እንዳያቋርጠው ወደ በረራ ሁነታ ቀይሩት፤ የጠረጴዛው ንዝረት እንዳይገባ በታጠፈ ጋቢ ላይ አኑሩት። ከእንግዳው አፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ዘወር ይበል፤ አለዚያ «ፈ»ና «ፐ» ባሉ ቁጥር ትንፋሹ ማይክሮፎኑን ይመታዋል። አንድ ደቂቃ ቅዱና በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ከዚያ ማንም ሳይናገር ለዐሥር ሰከንድ ያህል የክፍሉን ጸጥታ ቅዱ፤ በኋላ ይጠቅማችኋል።

ቡናው ከቀረጻው በፊት ይጠጣ፤ የስኒ ድምፅ ከንግግር ላይ አይለቅም። የመጀመሪያውን ጥያቄ ቦታ ወይም ሰው የሚያስታውስ አድርጉት። «እስቲ ራስዎን ያስተዋውቁን» ሲባሉ ብዙዎች የሥራ ማመልከቻ የሚያነቡ ይመስላሉ። «የኔታ፣ መጀመሪያ ዜማ ያስያዙዎት መምህር የት ነበር የሚያስተምሩት?» ብትሉ ግን ወሬው ራሱ መንገዱን ይይዛል። እንግዳው ሲናገሩ «እሺ»፣ «እህ» አትበሉ፤ ራሳችሁን ነቅንቁ። የሁለት ሰው ድምፅ ከተደራረበ አንዱን ቆርጦ ማውጣት አይቻልም። መልሱ ያለቀ ሲመስላችሁም ጥቂት ዝም በሉ። ከሁሉ የተሻለው ነገር የሚመጣው ከዚያ ዝምታ በኋላ ነው።

ፈቃድን ቸል አትበሉ። ድምፃቸው የት እንደሚሰራጭ የሚገልጽ አጭር ወረቀት ለእንግዳው ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸውና ይፈርሙ። ከመጽሐፍ የምታነቡ ከሆነ ደግሞ መጽሐፉ መደርደሪያችን ላይ መኖሩ በድምፅ የማሰራጨት መብት አይሰጠንም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። አጭር ጥቅስ ከነምንጩ አንሡ፤ ሙሉ ምዕራፍ ለማንበብ ግን ባለመብቱን ወይም ወራሾቹን ጠይቁ።

ለማስተካከል ኦዳሲቲ የተባለው ፕሮግራም ነጻ ነው። ያንን የዐሥር ሰከንድ ጸጥታ ምረጡና የክፍሉን ሽውታ እንዲያውቀው አድርጉ፤ ከዚያም ከሙሉ ቅጂው ላይ ይቀንስላችኋል። በልኩ ይሁን፤ ከበዛ ድምፁ ከብረት ቱቦ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። መተንፈሻቸውን ሁሉ አትቁረጡ፤ የአረጋዊ ሰው ንግግር በእርጋታው ነው የሚያምረው።

ስታወጡት በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር)፣ በሰከንድ 64 ኪሎቢት፣ በኤምፒ3 ይሁን። የ20 ደቂቃ ዝግጅት 9.6 ሜጋባይት ብቻ ይይዛል፤ 128 ቢሆን እጥፍ ነው፤ ለኢንተርኔት የሚከፍለው ደግሞ አድማጩ ነው። መጀመሪያ በቴሌግራም ቻናል ልቀቁት፤ ሰዉ ያለው እዚያ ነው። በአፕል የፖድካስት ዝርዝር ለማስመዝገብ ስትፈልጉ እያንዳንዱ ጎኑ ከ1400 እስከ 3000 ፒክሰል የሆነ፣ አራቱም ጎኖቹ እኩል የሆኑ የሽፋን ሥዕል ያስፈልጋል። በመግለጫው ላይ የተነሡትን መጻሕፍት ከነመደርደሪያ ቁጥራቸው ጻፉ።

ቀጥሎ የሚመጣው የእኛው ሙያ ነው፤ ቅጂውን እንደ ማንኛውም መጽሐፍ መዝግቡት፦ የእንግዳው ሙሉ ስም፣ ቀን፣ ቦታ፣ ርዕሰ ጉዳይ፣ የፈቃዱ ወረቀት ያለበት ፋይል። ያልተቆረጠውን የዋቭ (ያልተጨመቀ ድምፅ) ቅጂ በሁለት ሃርድ ዲስክ አስቀምጡ፤ አንዱ ከሕንፃው ውጪ ይሁን። በተለመደው የ44.1 ኪሎኸርትዝና የ16 ቢት ጥራት አንድ ሰዓት ሞኖ 318 ሜጋባይት ያህል ስለሚይዝ ዲስኩን ስትገዙ ይህን አስሉ።