ሐዋሳ ላይ ለተቸገረ ልጅ የትምህርት ድጋፍ እንዴት ይጠየቃል

ይሄን ምጽፈው በተለይ አያትም እናትም ሰው ቤት ልብስ እያጠቡ ለኖሩበት ቤት ልጆች ነው። እንደዚ አይነት ቤት ውስጥ ድጋፍ እንዳለ ሚናገር ሰው የለም፣ ከነሱ ውስጥ ቢሮ ገብቶ ጉዳይ የጨረሰ ሰው ስለሌለ ገና በር ላይ ጥበቃው "ምን ፈለግሽ" ሲላት እናትየው ትመለሳለች። ስለዚ ጎረቤትም ሁኑ አስተማሪ አብራችሁ ሂዱ፣ ግማሹን ስራ ሚሰራው እሱ ነው።

ጊዜው ሐምሌና ነሐሴ ነው። የመንግስት በጀት ሐምሌ 1 ነው ሚጀምረው፣ ሰኔ ላይ ብትሄዱ "በጀት ተዘግቷል" ነው ምትባሉት፣ መስከረም ከገባ በኋላ ደግሞ እድሩም ማህበሩም ደብተሩን አድሎ ጨርሷል።

የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የአምናውን ካርድ፣ ፎቶና የእናቱን መታወቂያ ያዙ፣ ሁሉንም በደንብ ኮፒ አድርጉ። ልጁን ምታሳድገው አያት ከሆነች የሞግዚትነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ስለሚጠየቅ እሱን ቀድማችሁ ጀምሩ፣ ጊዜ ይወስዳል።

ከባዱ ቤተሰቡ ችግረኛ እንደሆነ ሚገልጸው የቀበሌ ደብዳቤ ነው። ትምህርት ቤቱም፣ ሴቶችና ህፃናት ቢሮም፣ ልጆችን ሚረዳው ፕሮጀክትም መጀመሪያ ሚጠይቋችሁ እሱን ነው። ችግሩ ቀበሌ ሚያውቀው ፋይል ያለውን ሰው ነው፣ ከግቢ ግቢ እየተከራየች ምትዞር እናት ወይ ከገጠር ስትመጣ መሸኛ ያልያዘች የቤት ቁጥር የላትም፣ "አናውቅሽም" ይሏታል በቃ። ከታቦር ወደ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ ቤት የቀየረችም ብትሆን ፋይሏ የድሮው ቀበሌ ነው ያለው፣ ሄዳችሁ መሸኛ አምጡ። ጭራሽ ፋይል ከሌላት ግን እኔ ሲሰራ ያየሁት አከራይዋ መታወቂያውን ይዞ አብሯት ሄዶ "እኔ ግቢ ነው ምትኖረው" ብሎ ሲፈርምላትና ሁለት ሶስት የሰፈር ሰው ሲመሰክርላት ነው፣ ከነሱ አንዱ የእድር ዳኛ ከሆነማ ቃሉ ይሰማል። አከራዮች የኪራይ ግብር ይመጣብናል ብለው ይሸሻሉ፣ ስለዚ ድንገት አትጥሩዋቸው፣ ማታ ቤታቸው ሄዳችሁ ለልጁ ትምህርት ብቻ እንደሆነ አስረዱዋቸው።

ደብዳቤው ሲጻፍ ደግሞ ከመታተሙ በፊት አንብቡት። "ወ/ሮ እገሊት የቀበሌያችን ነዋሪ ስለሆኑ አስፈላጊው ትብብር ይደረግላቸው" ሚል ደብዳቤ የትም አያደርስም። የልጁ ሙሉ ስም፣ ክፍሉ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተሰቡ በምን እንደሚተዳደር፣ ሚጠየቀው ምን እንደሆነ (ዩኒፎርም ነው? ደብተር ነው? ከመዋጮ ነፃ መሆን ነው?) ይኑርበት፣ ለየትኛው መስሪያ ቤት እንደተጻፈም። ከዛ ቁጥር፣ ቀን፣ ማህተም። ስሙ ከልደት ወረቀቱና ከካርዱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ሰፈራችን ያለች የ5ኛ ክፍል ልጅ ካርዷ ላይ በአባት ቦታ የገባው ያሳደጋት አጎቷ ነው፣ ልደት ወረቀቷ ላይ ደግሞ የወለዳት አባት አለ፣ ቢሮው ሁለት ሰው ናቸው ብሎ መለሳት፣ እስክታስተካክል ዓመቱ አለፈ። እንደዚ ያለ ነገር ካለ ከሁሉ በፊት እሱን ጨርሱ።

ደብዳቤው ከወጣ ሌላው ይቀላል። መጀመሪያ ዳይሬክተሩ ጋ ግቡ። መንግስት ትምህርት ቤት ክፍያ የለውም ቢባልም ልጆችን ሚያስቀረው መዋጮውና ዩኒፎርሙ ነው፣ እሱን ማንሳት ትምህርት ቤቱና የወላጆች ኮሚቴው እዛው ሊጨርሱት ይችላሉ። ቀጥሎ ክፍለ ከተማው ሴቶችና ህፃናት ቢሮ፣ ከዛ ቤተክርስቲያን ወይ መስጊድ አካባቢ ያሉ ፕሮጀክቶች፣ ብዙዎቹ ልጅ ሚቀበሉት በትንሽነቱ ስለሆነ ታናናሾቹንም አስመዝግቡ።

ሴፍቲኔትንም አትርሱ። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ሲጀመር ሐዋሳ ከ11ዱ ከተሞች አንዷ ነበረች፣ መስራት ለሚችል የስራ፣ ለማይችል አዛውንትና አካል ጉዳተኛ ቀጥታ ድጋፍ አለው። ቤተሰቡ እዛ ውስጥ ካለ ወይ የጤና መድህን መንግስት ሚከፍልለት ከሆነ የሱን ኮፒ ከደብዳቤው ጋር አያይዙት፣ ችግረኛነቱ አንዴ ተጣርቷል ማለት ስለሆነ ክርክር ይቀንሳል።

"ስፖንሰር አስገባላችኋለሁ" ብሎ ብር ሚጠይቅ ሰው ከመጣ አንድ ብር እንዳትሰጡ። ድጋፍ ለማግኘት አይከፈልም።

አንድ ነገር ከልቤ ምለምናችሁ፣ ልጁን ሰው ፊት አቁማችሁ ድህነቱን አታስተርኩት። ቤታችን እንዲህ ነው፣ እናቴ እንዲህ ናት ብሎ ለማያውቀው ሰው ካወራ በኋላ ትምህርት ቤት መሄድ ራሱ ሚያስጠላው ልጅ አለ። እናንተ ተናገሩ፣ እሱ ውጪ ይጠብቅ፣ ዩኒፎርሙም ሰልፍ ላይ ሳይሆን ቢሮ ጠርተው እንዲሰጡት ዳይሬክተሩን ጠይቁ።

ብዙ ቦታ የአምና ደብዳቤ አይቀበሉም፣ ስለዚ አሮጌውን ኮፒ አስቀምጡና በዓመቱ ሐምሌ ላይ እሱን እያሳያችሁ አሳድሱ፣ ሁለተኛው ዓመት ላይ ይቀላል። የሴሚስተር ካርዱ ሲወጣም ለረዳው ቢሮ ኮፒ አድርሱ፣ ልጁ እየተማረ መሆኑን ይዩ።